ሁለተኛው ፍሬን

ባለፈው ወር መጨረሻ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛው ተዘጋ፤ አሮጌዋ የማለማመጃ መኪናም ለአሰልጣኟ ተሰጠች። ቁልፉን ያስረከቧት ሰዎች የስንብት ማስታወሻ የሰጧት መስሏቸው ነበር። እሷ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ሌላ አንድ ነገር ብቻ አውርዳ ወጣች፤ ዓመቱ ካለፈ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ሆኖም ማንም ሊነቅለው ያልደፈረ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል። የአሸዋ ኮረብታዎች ናቸው። ነፋስ ባለሰለሰው ጀርባቸው ላይ ነጭ መስመር የለም፤ የመንገድ ጠርዝ የለም፤ «ቁም» የሚል ሰሌዳም የለም።

ዕድሜዋን የፈጀችው በሰው ጎን ተቀምጣ ነው። በማለማመጃ መኪና ጋቢና፣ ከአሰልጣኙ እግር ሥር፣ ሁለተኛ ፍሬንና ሁለተኛ ፍሪሲዮን ይገኛሉ፤ ተማሪው ሲሳሳት አሰልጣኙ ይረግጣል። እሷም ከመርገጧ ብዛት የሰፈሩ ሰው «እትዬ ፍሬን» ብሏት ቀረ። የከተማውን ግማሽ ሰው መንዳት አስተምራለች፤ ከከተማው መውጫ ግን አንድም ቀን አልፋ አታውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእናቷ ሳሎን፣ የሻይ ዕቃው ባልተነሳበት ጠረጴዛ ላይ ወደ ሥዕሉ አሸዋ የሚወስደውን ጉዞ ዘረጋችው። የጨው መያዣው ይህ ቤት ነው። ከዚያ እስከ ማንቆርቆሪያው የመጀመሪያው ቀን መንገድ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ተራራው ሲሆን ከግርጌው ይታደራል። በማግሥቱ ቁልቁለቱን ወርደው የዳቦ ሳህኑ ጋ ያድራሉ። ከሳህኑ ወዲያ፣ ጠረጴዛው ሊያልቅ ሲል፣ ስኳር በማንኪያ ቀድታ ከመረች።

«በሦስተኛው ቀን እዚህ ነን» አለች።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ እናቷ። «አፈር ሳልገባ አሸዋ ልርገጥ እንጂ!»

ታላቅ ወንድሟ ከሶፋው ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ያለ እሱ ቃል የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። መንጃ ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ወድቆ ያገኘው በእህቱ አስተማሪነት ነው፤ ይህንን ግን በሰው ፊት አንስቶ አያውቅም።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ» አለ።

«እዚያ ሣርም ገደልም የለም። አርፈህ ሻይህን ጠጣ» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይው። የምትሄዱ ከሆነ የምነዳው እኔ ነኝ። እናቴን ለሴት ሹፌር አስረክቤ በረሃ አልሰድም።»

«አንተን ያስተማረችህ ወንድ ነበረች እንዴ?»

«ማስተማር ሌላ፣ መንዳት ሌላ።» ወንበሩን ስቦ ጠረጴዛው ዘንድ ቀረበና በማንኪያው ጫፍ መንገዱን እየነካካ ማስተካከል ጀመረ። ተራራው ሲመሽ ጭጋግ ይለብሳል። ከሳህኑ ወዲያ አስፋልት የለም። ሳህኑ ጋ ግን ደኅና ሆቴል አለ፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሜዳውን ማየትም በረሃ እንደማየት ነው። ይህንን እያለ ሳያስበው ስኳሩን በማንኪያው ሰብስቦ ከኩባያው ጨመረና አማሰለ።

«ልጄ፣ በረሃውን ጠጣኸው!» አሉ እናቱ።

አሰልጣኟ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ነገ ወንዙ ዳር እንውጣ» አለች። «አሸዋ ከሚጫንበት ቦታ እኔ ልንዳ፤ አንተ ጋቢና ሁን። ካቃተኝ ቁልፉን ውሰድ፤ መንገዱንም እንዳሰኘህ አሳጥረው። ካላቃተኝ ግን እስከ ስኳሩ ድረስ እኔ እነዳለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በማግሥቱ የደረቀው የወንዝ ሆድ ከፊታቸው ተዘረጋ። እናቷ ከኋላ፣ ወንድሟ እሷ ዕድሜዋን በኖረችበት ወንበር ላይ ነበሩ። በአሸዋ ላይ መኪና የሚያሻግረው ጉልበት ሳይሆን የተጀመረውን ግስጋሴ አለማቋረጥ መሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህ ማርሹን መርጣ ገባችና መሪውን ሳትጨብጥ፣ እንደ ዳበሳ ያህል ይዛ ለቀቀቻት። አሮጌዋ መኪና ተንሳፈፈች። የወዲያኛው ዳር ቀርቦ፣ እናቷም ከኋላ «እሰይ!» ማለት ጀምረው ነበር፤ በዚያች ቅጽበት የፍሬኑ ፔዳል ከእግሯ ሥር ብቻውን ወረደ።

አልረገጠችውም። ጎማዎቹ አሸዋውን ነከሱና ተቀበሩ።

«አየሽ?» አለ ወንድሟ። «አልነገርኩሽም?»

እሷ ወደ እግሯ አየች። ያ ሁሉ ተማሪ እንዲህ ይሰማው ኖሯል፤ የገዛ ፔዳሉ በሌላ ሰው ፈቃድ ሲወርድ። እስከዛሬ ረጋጯ እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ፍሬን ያዝክ?»

«እኔ? እኔ ምን ፍሬን አለኝ?» አለና ጫማውን ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ እናቱ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«ውረዱልኝ» አለች አሰልጣኟ። የጎማዎቹ ጉንጭ እስኪለሰልስ ድረስ አየር አስተነፈሰች፤ ተንበርክካ የተቆለለውን አሸዋ በእጇ ጠረገች፤ ብቻዋን ገብታ መኪናዋን አወጣች። ዙሪያውን ተሽከርክራ፣ የራሷን ዱካ አቋርጣ ተመልሳ ፊታቸው ቆመች። ወንድሟ ሱሪውን እያራገፈ መዳፉን ዘረጋ።

«ያው ተቀብራለች። ቃል ቃል ነው፤ ቁልፉን።»

«አላቃተኝም» አለች፤ ሞተሩንም አላጠፋችም።

ከወንዙ ወጥታ ሁለቱን ቤት ካደረሰች በኋላ በቀጥታ መካኒኩ ዘንድ ሄደች።

«የጋቢናውን ሁለቱንም ፔዳሎች ንቀልልኝ።»

መካኒኩ ከሌላ መኪና ሥር አንገቱን አወጣ። «እትዬ ፍሬን፣ ምን ነካሽ? በግል ላስተምርባት ነው ስትዪኝ አልነበር? ያለ እነሱ ማንም ለማስተማሪያነት አይፈቅድልሽም። የእንጀራ ገመድሽን በገዛ እጅሽ ልትበጥሺ ነው?»

«ንቀል።»

«ኋላ ‹መልስልኝ› ብትዪ ማያያዣው ከገበያ ጠፍቷል። እኔ የለሁበትም!»

«ሰምቻለሁ። ንቀል።»

ራሱን እየነቀነቀ መፍቻውን አነሳ። የመጀመሪያው ብሎን ዝጎ ኖሮ ሲላቀቅ ጮኸ። «ከእንግዲህ ታዲያ ምን ብለን ልንጠራሽ ነው?» አላት።

«እየነቀልክ አስብበት።»

አመሻሹ ላይ ወደ ሳሎኑ ስትገባ ወንድሟ እዚያው ነበር፤ የሆቴሉን ባለቤት በወዳጅ በኩል እንዳገኘው፣ በረንዳ ያለው ክፍል እንደተያዘ ለእናቱ ይተርካል። እናቱ ኩባያቸውን በሁለት እጅ ይዘው ሻያቸውን ይጠጣሉ። አሰልጣኟ በጨርቅ የጠቀለለችውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ፈታችው። ሁለቱ ፔዳሎች ግራሳቸውን እንደያዙ፣ ላስቲካቸው በእሷ ጫማ ተበልቶ እንደሳሳ፣ ከኩባያዎቹ መካከል ተጋደሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወንድሟ።

እሷ የጨው መያዣውን ወደ ቦታው መለሰች፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ሳህኑን። ከሳህኑ ወዲያ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከበፊቱ አብልጣ ስኳር ከመረች። የወንድሟ ማንኪያ ባለበት በኩል የፍሬኑን ፔዳል ገፋ አድርጋ አስቀመጠች።

«ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን» አለች። «የምነዳው እኔ ነኝ። ጋቢና እማዬ ትቀመጣለች።»