ተገልብጦ የተለጠፈው ጋዜጣ

የጠጅቱ አርባ በወጣ ማግስት ገለቴ ውሃ በባልዲ ቀድታ፣ ቢላዋ ይዛ፣ የሰበታውን ቤት ግድግዳ መላጥ ጀመረች። ጎረቤቱ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል ብሎ ይሆናል። ይበል። እሷ የምትፈልገውን ታውቃለች።

ጠጅቱ ጠጅ ነግዳ አሳደገቻት እንጂ አልወለደቻትም። ይህንንም ደብቃት አታውቅም። አባትሽ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፣ እናትሽ ትዘፍን ነበር፣ ለሠርግ ሲሄዱ ለሁለት ቀን ብለው እኔ ዘንድ ተዉሽ፣ ገፈርሳ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦባቸው ቀሩ ትላታለች። ዘመድ የላቸውም ወይ ስትባል ግን፣ ዘፋኝ አገሩን መች ይናገራል ብላ ወሬውን ትቀይራለች። ባልና ሚስቱ ከሞቱ በኋላ ፎቶአቸው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። ጠጅቱ ከራስጌዋ ለጥፋው ነበር፤ ገለቴ ፊደል ሳትቆጥር በላዩ ሌላ ተለጠፈበት።

በዚያ ሰፈር ለመስቀል ቤቱን የማያድስ የለም፤ ቀለም የሚገዛም የለም። አሮጌ ጋዜጣ ከሱቅ ይመጣና በዱቄት ሙጫ በአምናው ላይ ይለጠፋል። ዘመኑ ስልሳ አራት ነውና የጠጅቱ ግድግዳ አሥራ ስምንት መስቀል ለብሷል።

ሐዘንተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ገለቴ በሯን ስትዘጋ አንድ ነገር ገብቷት ነበር። ጠዋት ባትነሳ ለምን አልተነሳችም ብሎ የሚመጣ ሰው በምድር ላይ የለም። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የእኔ ናት የሚላት አንድ ሰው፣ በሥጋ የሚዛመዳት፣ የትም ይሁን የት።

የልብስ ስፌቷን ትታ አምስት ቀን ላጠች። ስልሳ ሦስትን ላጠች፣ ስልሳን ላጠች፣ የታኅሣሡን ግርግር ላጠች፣ የኢዮቤልዩውን ሰልፍ በነጭ ፈረሱም በባንዲራውም ላጠችው። በአምስተኛው ቀን ጭቃው ሊታይ ሲል ፎቶው ብቅ አለ። ደረቱ ላይ አኮርዲዮን ያንጠለጠለ ሳቂታ ልጅ፣ አጠገቡ እጇን ጆሮዋ ላይ ያደረገች ሴት። ጠጅቱ ዙሪያውን በመቀስ አስተካክላ ቆርጣዋለች። ከሥሩ የተረፈችው አንዲት መስመር ናት፦ «ባይሳ ጃራና ባለቤቱ ድንቅቱ»። ሌላው ጽሑፍ ተቆርጦ ቀርቷል። ገለቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለጠጅቱ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ጋዜጣውን ለሰፈሩ የምትሸጠው ባለሱቋ ሰብሪያ ነበረች። ገለቴ ፎቶውን ስታሳያት ሰብሪያ ወዲያው አወቀችው።

«መቀሱን ከእኔ ነው የተዋሰችው» አለች። «እዚሁ ባንኮኒው ላይ ቆረጠችው። ጽሕፈቱ ምን ያደርግልኛል አለችና ትርፉን ለእኔ ተወችልኝ።»

«ትርፉን ምን አደረጉት እትዬ ሰብሪያ?»

ሰብሪያ ፋኖሷን አንስታ ወደ ጓዳ መራቻት። የስኳሩን ጆንያ አብረው ገፉት። ከጀርባው፣ ማንም ለማደስ ያልደከመበት ግድግዳ ላይ፣ መካከሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ ገጽ ተለጥፎ ነበር፤ በቀዳዳው ጭቃው ይታያል። ገጹ ተገልብጧል። ሰብሪያ አታነብ፣ ባሏም የሚያነበው ዐረብኛ ብቻ፤ ፎቶው ከሄደ በኋላ ላዩ የቱ፣ ታቹ የቱ እንደሆነ የሚነግራቸው አልነበረም። ገለቴ አንገቷን አጣማ አነበበች። ሟቾቹ ደራርቱ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ እንዳለቻቸው፣ ያለችበትን የሚያውቅ ለሱሉልታው ለአቶ ጃራ ኢተፋ እንዲያስታውቅ ይለመናል ይላል።

ስሟ ደራርቱ ነበር፤ ገለቴ ያለቻት ጠጅቱ ናት። አያት አላት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ ከስኳር ጆንያ ጀርባ ተዘቅዝቆ ቆሟል። በጠጅቱ ተናደደች፤ ደግሞ አዘነችላት። ማንበብ ብትችል ኖሮ ትሰጠኝ ነበር ወይ ብላ አሰበችና ማሰቡን ተወችው።

እሑድ በጠዋት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ሱሉልታ። የኦቦ ጃራን ቤት የጠየቀቻት ወተት ሻጭ መንገዷ ስለሆነ አብራት ሄደች፤ አፏም እግሯም የማያርፍ ሴት ናት። ሽማግሌው ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት አለቻት።

«የባይሳ ልጅ?» አለች ገለቴ።

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የባይሳ ናት፣ ጉዲፈቻ ናት እንጂ። የወለዳትማ ጠፍታ ቀረች። ዓመት ጠበቋት። ከዚያ የልጄ ቤት አይዘጋም አሉና ወላጆቿ የሞቱባትን ሕፃን በባይሳ ስም፣ በጠፋችዋ ስም ተቀበሉ። ልጅቷ አታውቅም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ምሏል፤ አልወለዱሽም ያላት ሰው የተረገመ ነው። አደራ፣ እንዳትናገሪ።»

ገለቴ መመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም።

ኦቦ ጃራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። «አከም ጅርቱ ኦቦ» ብላ እንደምን አሉ ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩና ወደ ቤት ተጣሩ፦ «ደራርቱ! እንግዳ መጥቷል።»

ገለቴ አቤት ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። ከቤት ግን ሌላ ልጅ ወጣች፤ በእርጥብ እጇ በርጩማ አመጣችላት፣ እርጎ ቀዳችላት፣ የሽማግሌውን ጋቢ ሰብስባ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ገለቴ ከሰበታ እንደመጣች፣ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ያገኘችውን ልታደርስላቸው እንደሆነ ነገረቻቸውና ፎቶውን ሰጠች።

ልጅቷ ተቀብላ ወደ ፀሐይ አዞረችው። የአባቷን ሳቅ፣ የእናቷን ሹሩባ፣ አኮርዲዮኑን፣ አንድ በአንድ ለሽማግሌው ተረከችላቸው። እሳቸው ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እናቴን እመስላለሁ?» አለች ልጅቷ ፎቶውን ፊቷ አጠገብ ይዛ።

«ቁርጥ እሷን» አለች ገለቴ።

እርጎውን ጨርሳ ልትሄድ ስትነሳ ሽማግሌው እጇን ያዙ። ቶሎ አልለቀቁትም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ ደክመሽልን ስምሽን እንኳ አልጠየቅንሽም። የማን ልጅ ነሽ?»

እጃቸው ሞቃት ነበር። ልጅቷ ፎቶውን ታቅፋ ቀና ብላ ታያታለች።

«የጠጅቱ» አለች ገለቴ። በሕይወቷ እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም።

«አላውቃትም» አሉ።

«አያውቋትም፣ ኦቦ። የሰበታ ሰው ናት» አለችና እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።