ባለ ሁለት ካርቡራተሯ

አያርፌ የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ ጎን አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሞተሩ እየሠራ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ተራ በተራ ሲመቱ ድምፃቸው በብረቱ ዘልቆ መንጋጋው ድረስ ይሰማዋል። ሦስቱ ደህና ናቸው። ከአራተኛው ግን አንዲት ቀጭን ቲክ ቲክ ትመጣለች፤ ትጠፋለች፤ ተወችኝ ሲል ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች።

«አገኘሁሽ!» አለ። ሞተሩን አጠፋና መፍቻ ፍለጋ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

ሚስቱ የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶብስ ነው የምትነዳው፤ ዛሬ እሑድ ስለሆነ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች።

«መፍቻውን አስቀምጠው» አለችው።

«አንዴ ብቻ ልየው፤ ትንሽ ነገር ናት።»

«ባለፈው እሑድም ትንሽ ነገር ነበረች። ከዚያ በፊትም። አባዬ ከነጋ ጀምሮ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል፤ እንደ ሙሽራ።»

«እንዲህ እያለች ዳገት ወጥተን ብትቆምብንስ?»

«እንገፋታለን።»

«ዳገት ላይ?»

«ወደ ላይ ነው ያለህ ማነው? ወደ ታች ነው እንጂ የምንገፋት!»

እሱ አልሳቀም። የሰፈሩ ሰው አያርፌ ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አልነበረም። በሙያው ባለቶርኖ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀርጽ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ቆሞ ይበላል። ከሰው ጋር ሲያወራ ጉልበቱ አርፎ አይቀመጥም። እቤቱ ውስጥ ያልፈታው ሰዓት፣ ያልከፈተው ሬዲዮ የለም።

መኪናዋ የአማቱ ነበረች። አማቱ በጉልምስናቸው ሳምንቱን ታክሲ ሲሠሩባት ይሰነብቱና እሑድ እሑድ የዳገት ውድድር ይወጡባት ነበር። ያኔ ሞተሯ እንዲህ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። ቤንዚኑን ከሌላው አብልጦ አምቆ የሚያፈነዳ የአሉሚኒየም ቴስታታ፣ የሲሊንደሮቹ መክደኛ፣ ነበራት፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ደግሞ በአንድ ፈንታ ሁለት፤ ጭሱን ሳያንቅ የሚያስወጣ ቀጥ ያለ ማርሚታ። ልጅ ሲወለድ አማቱ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሸጧቸው፤ መኪናዋም እንደማንኛዋም ታክሲ ሆና ቀረች።

አያርፌ እነዚያን ዕቃዎች ሲያሳድድ ዓመታት አለፉ። ዛሬ አስመስለው የሚሠሩት አዲስ ዕቃ እንዳለ ያውቃል፤ አልፈለገውም። «በዘመኗ የነበረ ካልሆነ ልጅቷን የሌላ ሰው ጥርስ ማስተከል ነው» ይል ነበር። ቴስታታውን ያገኘው አንድ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው አስደግፈውት። ሁለተኛውን ካርቡራተር ደግሞ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ጓዳ ውስጥ የምስማር ማስቀመጫ ሆኖ አገኘው። ሁሉን አጥቦ፣ ሞርዶ፣ ገጣጥሞ ከጨረሰ ቆይቷል። እሱ ዘንድ ግን መጨረስ ማለት መጀመር ነው። ስትፈጥን ይበልጥ ትፍጠን ብሎ ይፈታታል፤ ደህና ስትሠራ ደግሞ ለምን ደህና ሆነች ብሎ ይጠረጥራታል።

በዚህ መሀል የአማቱ ዓይን ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ነበር። ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ የቀረውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ እንዳልሆነ እቅጩን ነገራቸው። እሳቸውም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች መኪና ያን ዳገት አንዴ መውጣት፣ ሳይጨልምባቸው።

አያርፌ መፍቻውን የመጀመሪያው ቡሎን ላይ አሳረፈ።

«ትናንት አባዬ ሻይ ሲቀዳ» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። እንዳላየሁ ሆኜ ጠረግኩት። እሱም ማየቴን አውቆ ዝም አለ።»

አያርፌ መፍቻውን አላነሣውም፤ አላዞረውምም።

አማቱ በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። ጫማቸው ተወልውሏል፤ የኮታቸው ቁልፎች ሁሉ ተቆልፈዋል።

«ምን ሆነች?» አሉ።

«ቲክ ቲክ ትላለች አባባ። ቫልቭ ይሁን ሌላ አልለየሁትም።»

«አስነሣት እስቲ።»

አስነሣት። አማቱ መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ቫልቭ ናት። ድሮም እንዲህ ትል ነበር። ስትሞቅ ትተወዋለች።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔን ያመመኝ ዓይኔን ነው፤ ጆሮዬ ምን አደረገህ?»

አያርፌ ፊታቸውን አጥንቶ አየ። እውነታቸውን ይሁን ወይስ መንገዱ እንዳይቀርባቸው ብለው፣ ሊያውቅ አልቻለም። መፍቻውን የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፤ ሳጥኑን ግን የመኪናዋ ኋላ ውስጥ ጫነው።

ከተማው ውስጥ ቀስ ብለው ሄዱ። ሚስቱ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አማቱ ከጎኑ። የዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ አማቱ የበሩን እጀታ ጨበጡ።

«በል እንግዲህ» አሉ።

አያርፌ ማርሽ ቀንሶ ቤንዚኑን ረገጠ። ሁለቱ ካርቡራተሮች አንድ ላይ ትንፋሽ ሲስቡ ተሰማ፤ ከዚያ ማርሚታዋ ጮኸች፤ ጩኸቱ ከድንጋይ አጥሩ ላይ ነጥሮ ተመልሶ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። መኪናዋ ጀርባቸውን ከወንበሩ ጋር አጣበቀችው። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ዞሩ።

«አትፍራት!» አሉ አማቱ እየሳቁ። «ከኩርባው ሳትወጣ ስጣት!»

ሰጣት። ከኋላቸው ጥሩምባ እየነፋ የመጣ አንድ አዲስ መኪና ነበር፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከመስታወቱ ጠፋ።

«እኔ ልጆች ጭኜ እንዲህ ብነዳ ዛሬ የምትጠይቁኝ እስር ቤት ነበር!» ብላ ጮኸች ሚስቱ፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ።

ያን ሁሉ ዓመት የለፋበት ነገር እጁ ላይ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ዓይኑ ግን ከመንገዱ ወደ ሙቀት መለኪያዋ መርፌ ይሮጣል፤ ከመርፌዋ ወደ መንገዱ። ጆሮው ያችን ቲክ ቲክ ይፈልጋል። ስትሰማው ይደነግጣል፤ ስትጠፋ የባሰውን ይደነግጣል።

«ይሄ በቀኝ በኩል ነጭ የሚመስለው ምንድን ነው?» አሉ አማቱ፤ ሙሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ድሮ ባዶ ቦታ ነበር።»

መርፌዋ ትንሽ ከፍ ብላለች።

«የውኃ ጋኑ አሁንም አለ? ኩርባው ላይ የነበረው?»

«ሙቀቷ ጨመር አለ» አለ አያርፌ ለራሱ።

ጥቂት ቆይተው፣ «እነዚያ ተሰብስበው የቆሙት ምን እያደረጉ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ ይሰማዎታል? ቲክ ቲክ የምትለው ቀነሰች መሰለኝ።»

አማቱ ፊታቸውን ከመስኮቱ ወደ ፊት መለሱ።

«አዎ» አሉ። «ይሰማኛል።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም።

ጫፍ ላይ መንገዱ ይሰፋና ሜዳ ይሆናል፤ ከዳሩ ዝቅተኛ የድንጋይ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ከተማው ነው። አያርፌ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ትኩስ አየር ፊቱን መታው። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ ሞተሩ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። የፈሰሰ ዘይት የለም። የላላ ነገር የለም። አንድ ነገር ቢያገኝ ያርፍ ነበር። ጨርቅ አውጥቶ ያልቆሸሸውን መወልወል ጀመረ።

ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ሲጠይቅህ አልመለስክለትም።»

«መቼ ነው የጠየቁኝ?»

«መንገዱን ሙሉ። ቤቱን፣ ጋኑን፣ ሰዉን። እኔ ከኋላ ልነግረው ብል ጩኸቱ ድምፄን በላው። አንተ ያችን መርፌ ነበር የምታየው።»

«እንዳትፈነዳብን ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። የተቆጣች አትመስልም፤ ያ ነው የከበደው።

አማቱ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ራሳቸውን ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላኛው ጫፍ ቀስ እያደረጉ ያዞራሉ፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ከተማውን ቁራሽ በቁራሽ እየለቀሙት። አያርፌ ጨርቁን እንደያዘ ወደ እሳቸው ሄደ።

«አባባ፣ አዩት?»

«መሀሉን አየሁት» አሉ ፈገግ ብለው። «ጥሩ መሀል ነው።»

አያርፌ ጨርቁን አጠፈው፤ ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ኮፈኑን ዘጋና የሾፌሩን በር ለሚስቱ ከፈተላት።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ንጂ።»

«ማን? እኔ? ይቺን? መስታወቷን ስወለውል እንኳ ላዬ ላይ የምትቆመው ሰውዬ?»

«ፍሪሲዮኗ ጠንከር ትላለች። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገቢ ደግሞ…» አለና አፉን ያዘ። «ታውቂበታለሽ።»

ሚስቱ ትክ ብላ አየችው፤ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ሥር አስቀመጠችና ገባች። እሱ አማቱን ደግፎ አስገባቸው፤ ራሱ ከኋላቸው ተቀመጠ፤ አፉ ጆሯቸው ጋ እስኪደርስ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ። ከዚያ ወንበር መርፌዋ አትታይም፤ የሚስቱ ትከሻ ይጋርዳታል። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ አልተመቸውም፤ የአማቱን ወንበር ጀርባ ያዘ።

ቁልቁሉን ጀመሩ። አያርፌ በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ከአስፋልቱ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም።

«በቀኝዎ…» አለ።

«እ?» አሉ አማቱ።

«አንዲት ሴትዮ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ምንጣፍ አስጥታለች። ውሻዋ ሄዶ ተኝቶበታል። በመጥረጊያ እያባረረችው ነው።»

«ተነሣ?»

«ተነሣ። አይ፤ ዞሮ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተኛ።»

አማቱ ከት ብለው ሳቁ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

አያርፌ ቀጥሎ ያለውን ለማየት አንገቱን አሰገገ። አንድ ሰው አጥሩን ሰማያዊ ቀለም እየቀባ ነው፤ ገና ግማሹን አልቀባም፤ አጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው እጁን እያወራጨ ይከራከረዋል፤ በምን እንደሆነ ሳይለየው መኪናዋ አልፋቸው ልትሄድ ሆነ።

«አንቺ» አለ ሚስቱን፣ «ትንሽ ቀስ በይልን።»