ከባት አያልፍም

ልደቱ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። በየዓመቱ ስኒ ውስጥ ሳንቲም ይጥልና ውሃ ይሞላበታል። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚሰበር ከታች ያለው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ውሃ ሁልጊዜ ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው ይላል። ብሎ ብሎ አፉ ለምዶታል። ምን ያደርጋል፣ እውቀቱ ከአንገት በላይ ሆነና!

ባለፈው ጥቅምት እናቱን ወይዘሮ አስካለችን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አሳልሞ በባሕር ዛፉ መሀል ሲመለሱ፣ ዝናብ ያቆራት ኩሬ መንገዱን ዘግታ ጠበቀቻቸው። ጥርት ያለች ናት፣ ጠጠሯ ይቆጠራል። እናቱ ጸበል የሞላች ትንሽ ጀሪካን እንዳቀፉ ቆም አሉና ጥልቅ መሆን አለመሆኗን ጠየቁት። እሱ ስልኩን ይነካካል። ከዳር ሆኖ ኩሬዋን አንዴ ገልመጥ አደረጋት።

«ከባት አያልፍም እማዬ፤ ግቢ» አለ።

ገቡ። መሬት አለ ብለው እግራቸውን በጣሉበት መሬት የለም፤ ውሃው ጉልበታቸውን አልፎ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ዘርግቶ ይተርፍ ነበር። እሳቸው ግን ጸበሉ እንዳይደፋ ጀሪካኗን እንዳቀፉ በጎናቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

የካ አባዶ ቤታቸው ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ አስካለች ዓይኔ ደክሞ ነው ይላሉ። ልደቱ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ፈሪ! እህቱ ሃይሚ ግን የሰማችውን አምና ቁርጡን ተናገረች፤ ዓይኗ ካልሠራ፣ ብትድንም ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቷል አለች። እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የቀረቻቸው ደስታ ይህችው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረች።

ይኼኔ ልደቱ አልቻለም። ጎረቤታቸው ኢልሃም ለጥየቃ እንደተቀመጠች፣

«ዓይኗ ምንም አልሆነም። ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ።

ሁሉንም ዘረገፈው፤ ውሃ ጥልቀቱን እንደሚደብቅ፣ እሱም ያንን እያስተማረ ለእናቱ ግን አንድ አፍታ እንዳላሰበ። ሃይሚም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቷል የሚለውን ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

እናቱ ቀስ ብለው ዞሩ። ቢቆጡት በተሻለው።

«ሳሎን ውስጥ ተማሪ ስታስጠና እሰማህ የለ? ውሃ እንደሚያታልል አውቃለሁ» አሉት። «ለእኔም ባት የሚደርስ ነበር የመሰለኝ። አንተን የጠየቅሁህ ለዚሁ ነበር፣ ልጄ።»

ከዚያም ከጸበሉ እንዲቀዳላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ልደቱ ስኒውን ሞልቶ ሲያቀብላቸው ወደ ውስጡ ማየት አቃተው።