የሸዋገነት ምስክርነት

ሸዋገነት ለአንዲት ገበያተኛ ጋቢ ዘርግታ እያሳየች ሳለ አመተ ሥላሴ ከች አለች። ከጎጃም ፈትል የምታመጣላት የዓመታት ደንበኛዋ ናት። ዛሬ ከፈትሉ ጋር ሁለተኛ ልጇንም ይዛ መጥታለች፤ ልጅቷ አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች።

«እቴ ሸዋዬ፣ ይቺም እንደ እህቷ ካልሄድኩ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ» አለች አመተ ሥላሴ እየሳቀች። «አስናቀችዬ ቤሩት ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት።»

ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት! አስናቀች ትናንት ደውላላት ነበር፤ ከመታጠቢያ ቤት፣ በሹክሹክታ። «ፓስፖርቴን ቀምተውኛል፣ እትዬ። በር ይቆልፉብኛል። ሰውየው ደግሞ ማታ ማታ...» ብላ አልጨረሰችውም። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ትሞትብኛለች።»

የላካት ደላላው ወርቁ ነው። ሸማ ተራ ደግሞ ያለ ምስክር ነገር አይሄድም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሸቀጥም ይግዛ፣ ልጅም ይላክ፣ መጀመሪያ ደንበኛውን ይጠይቃል። ያኔ ሸዋገነት «ወርቁን አውቀዋለሁ» አለች። ምኑን እንደምታውቀው እግዜር ይወቀው! ገዢ ያመጣላታል፣ ሲያልፍ ሰላም ይላታል፤ በቃ ይኸው ነው። ትናንት የአስናቀችን ነገር ስትነግረው «መጀመሪያ ሁሉም ያለቅሳሉ፤ ይለምዱታል» ብሎ ሳቀባት።

አሁንም እየሳቀ መጣ። «እንደምን አደሩ እትዬ? ልጅቷ ይቺ ናት? በሉ፣ ታክሲ አቁሜያለሁ።»

አመተ ሥላሴ የልጇን እጅ አልለቀቀችም። «እቴ ሸዋዬ አውቀዋለሁ ስትል ነው እንጂ!»

ልጅቷ ተፍነከነከች። ስትስቅ ቁርጥ አስናቀችን ትመስላለች።

«እኔ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም!» አለች ሸዋገነት። ጎረቤት ነጋዴው ሁሉ ዞር አለ።

«ምን ነካዎት?» አለ ወርቁ ሳቁ ጠፍቶ። «እርስዎም እኮ ባመጣሁልዎ ገዢ አብረው በልተዋል።»

«በልቻለሁ። አሁን ከፊቴ ጥፋ!»

እያጉረመረመ ሄደ። አመተ ሥላሴ ፈትሉን እንደታቀፈች ወደ ሸዋገነት ዞረች።

«ታዲያ አስናቀችን ለማን ሰጠሽብኝ?»

ሸዋገነት የሰማችውን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። አመተ ሥላሴ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ሸዋገነት ገበያው ገና ሳይሞቅ ጋቢውን ሰብስባ ሱቋን ቆለፈች።

«ተነሺ እህቴ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ። እኔም ልታሰር እችላለሁ፤ ይሁን። እዚያ ግን ወርቁን አውቀዋለሁ እላለሁ።»