ከውጤቱ የቀደመው ኬክ

በፊንላንዷ ከተማ በቱርኩ ባለው ቤተ ሙከራ ውጤት የቀናው ሰው ኬክ ያመጣል። ኢልታ ግን ውጤቱን ሳታይ ነው የእንጆሪ ኬኳን ይዛ የገባችው።

"ደፋር ነሽ!" አላት የሥራ ባልደረባዋ ቱሬ፣ ካርቶኑን ገለጥ አድርጎ እያሸተተ።

"ዛሬ ይሠራል። ይታወቀኛል።"

የምትሠራው ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው። በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ ፕላስቲክ፣ መዳብ ካለበት የመስታወት ዱቄት ጋር ተቀላቅሏል። የተጎዳ አጥንት ውስጥ ሲቀመጥ አጥንቱ በቀዳዳዎቹ እየገባ ያድጋል፤ ዱቄቱም ቁስል የሚያመረቅዘውን ባክቴሪያ ይገድላል። መግደሉ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ የዶክትሬት ሥራዋ በሙሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ባክቴሪያ ከዘራችባቸው ሳህኖች የመጀመሪያውን ከማሞቂያው አወጣች። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጉም ሸፍኖታል፤ በስፖንጇ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ቱሬ አጨበጨበ። ኢልታ ሁለተኛውን አነሳች። በዚህኛው ላይ ያለው ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ፣ ዱቄት የሌለበት ስፖንጅ ነው፤ ባክቴሪያው ጥግ ድረስ ሊከበው ይገባ ነበር። እሱም ዙሪያው ጥርት ብሏል።

የቱሬ ጭብጨባ ቆመ። ባዶው ፕላስቲክም ከገደለ ዱቄቱ ምን ሠራ?

በዚህ መሀል አማካሪዋ ራውኒ ገባች። "ኬክ! ማን ቀናው?"

"ማንም" አለች ኢልታ፣ ሁለቱንም ሳህኖች እያሳየቻት።

ራውኒ ትኩር ብላ አየች። "ስፖንጆቹን ያጸዳሻቸው በአልኮል ነው አይደል? በደንብ ደርቀው ነበር?"

ኢልታ ፊቷ ቀላ። ዩሃኑስ የሚባለው የበጋ አጋማሽ በዓል ስለደረሰ ከተማው ሁሉ በአቅራቢያው ወዳሉት ደሴቶች እየሄደ ነው፤ እሷም በጥድፊያ ማድረቂያውን ቶሎ አጥፍታዋለች። አልኮሉ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀርቷል።

"አልገደልሻቸውማ፣ አስክረሻቸው ነው!" አለ ቱሬ። ራውኒ በሳቅ ፈረሰች፤ ኢልታም ሳትወድ አብራት ሳቀች።

ሌሎቹ ወደ ደሴቶቹ ሲሄዱ ኢልታ ቀረች። አዲሶቹን ስፖንጆች እስኪበቃቸው አደረቀች፣ ሙከራውንም እንደገና ጀመረች። በበዓሉ ቀን ጠዋት ቱሬ "ብቻሽን አትክፈቺው" ብሎ መጣ።

መጀመሪያ ባዶውን አወጣች። ባክቴሪያው ፕላስቲኩን ጥግ ድረስ ወርሮታል።

"እሰይ! አደጉልኝ! የኔ ቆንጆዎች!"

"ባክቴሪያ ልትስሚ ነው እንዴ?"

ከዚያ ሌላኛውን አወጣች። በስፖንጇ ዙሪያ ክቡ አለ። ከበፊቱ ጠቦ፣ ግን አለ።

ወዲያው ለራውኒ ደወለች። ከስልኩ ውስጥ አኮርዲዮንና የውሃ ድምፅ ይሰማል።

"ባዶውስ?" ብላ ጠየቀች ራውኒ ከሁሉ አስቀድማ።

"ሞልቶታል! የስፖንጄ ክብ ግን ጠባብ ነው።"

"ቢጠብም አሁን የመዳቡ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ጀልባ ኑ፤ ሳውናው እየሞቀ ነው። ኬኩንም አምጪ፤ አሁን የሚገባሽ ነው።"

ኢልታ ወደ ሻይ ክፍሉ ሄዳ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት እንጆሪ ብቻ ቀርታለች።

"ቱሬ!"

"እኔ ምን ላድርግ?" አለ ከበሩ ላይ። "ላልደረቀ ውጤት የመጣ ኬክ እኮ ቶሎ ይበላሻል።"