ማስረከብ

የአብዮት ጥበቃዎቹ የመሸሻን የሽመና ዕቃ ፈታትተው ሊያወጡ ሲሉ ሾዴ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋች።

"ያላለቀ ጋቢ አለበት! የት ልትወስዱት ነው?" ብላ በአገሯ ቋንቋ ጮኸች።

አንደኛው ወደ ጎን ገፋ አደረጋት። "አንቺው ነሽ እጅሽን አውጥተሽ ያጸደቅሽው!"

"ምን ይላል?" አለች ወደ ባሏ ዞራ።

መሸሻ አሞት ከተኛበት መደብ ላይ ሆኖ ተረጎመላት። የራሱንም ጨመረበት። "በእኔ ፈንታ ስብሰባ ሄደሽ፣ እንጀራዬን ሰጥተሽ መጣሽ!"

ሾዴ ከጋሞ ደጋ ተድራ ጉለሌ ከገባች ዓመታት ቢያልፉም፣ ጥጥ ስትፈትል የምትውለው ከአገሯ ሴቶች ጋር ነው። አማርኛዋ ለአዲሱ ገበያ ይበቃል፤ ለቀበሌ ስብሰባ ግን አይደርስም። በባሏ ፈንታ በሄደችበት ስብሰባ ሊቀመንበሩ የሸማኔዎች ዕቃ ለማኅበር ይግባ ብለው ካነበቡት ሁሉ የያዘችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ማኅበር። እሷ የምታውቀው ማኅበር በየወሩ የሚጠጣውን የማርያምን ነው። ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሷም ደስ ብሏት አወጣች።

ዕቃው ከተወሰደ ወዲህ ንዴቱ ከደረቷ አልወርድ አለ። በመሠረተ ትምህርት ክፍል ወጣቷ አስተማሪ ሰናይት ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ብታዛት፣ ጠመኔውን ወረወረችው።

"ፊደል አውቃለሁ! የቀበሌ ሰዎች አፋቸው ነው የሚሮጥብኝ!"

ሰናይት አልተቆጣችም። በማግስቱ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቴፕ ተውሳ መጣች። የራዲዮ ዜና ቀድታበታለች።

"እትዬ ሾዴ፣ ይሄኛው ሲሮጥብዎት ያቆሙታል" አለችና ጣቷን ይዛ ቁልፉን አስነካቻት።

ሾዴ መጀመሪያ የሰማችው ጫጫታ ብቻ ነበር። አቆመችው፤ መለሰችው፤ እንደገና ሰማችው። ሲሰነባብት ያ የተጣበቀ ንግግር ቃል በቃል ይላቀቅላት ጀመር። አንድ ቀን ዜና አንባቢው፣ "ገበሬዎቹ መሣሪያዎቻቸውን ለማኅበሩ በፈቃዳቸው አስረከቡ" ሲል ጣቷ ቁልፉ ላይ ወደቀ።

"አስረከቡ ምንድን ነው?"

"አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው።"

"በፈቃዳቸውስ?"

ሰናይት በሩን ገልመጥ አደረገች። "ወደው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ወደው!" ሾዴ ብድግ አለች። "እኔ ወድጄ ነው የሰጠሁት? መሸሻ ወዶ ነው?"

"ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ባለመስማቴ አይደል ዕቃችን የሄደው?"

በሚቀጥለው ስብሰባ መሸሻ ከሕመሙ ተነሥቶ ስለነበር አብረው ሄዱ። ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ አንበለበሉት፤ የሸማኔዎች ማኅበር አባላት እሑድ እሑድ ያለ ክፍያ እንዲሠሩ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል።

"የሚደግፍ እጁን ያውጣ!"

እጆች ወጡ። የመሸሻም ወጣ። ሾዴ ከአግዳሚው ተነሣች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይድገሙልኝ። ቀስ ብለው።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሰው ሁሉ ገብቶት ደግፏል። ተቀመጪ!"

"እኔ አልገባኝም። ያለ ክፍያ የሚለው ጋ ይመለሱ።"

መሸሻ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ጎተታት። "ያስሩሻል፤ በማርያም ተቀመጪ" አላት በአገራቸው ቋንቋ።

ሾዴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እጁ ላይ ተወችለትና፣ እንደ ቆመች መልሱን ጠበቀች።