ምሰሶው በቅድሚያ

ታመነ የመጨረሻውን ሲባጎ በወረንጦ ይዞ በሚሠራው የመርከብ ሞዴል ቀዳዳ ለማሾለክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ከግቢው በር ላይ የፒክአፕ ጥሩምባ ጮኸ። እጁ ደነገጠና ሲባጎው ተመልሶ ወጣ።

"ምን አስቸኮለው?" አለ ቀና ሳይል።

"የአባቱን ዕቃ ጭኖ ጨርሷላ። ፍራሹንም ከላይ አስሯል። የቀረው ያንተ መርከብ ብቻ ነው" አለች ሚስቱ አያልነሽ በመስኮት እያየች።

"አምስት ደቂቃ በይው።"

"ለአንተ ዓመት ከመንፈቅም አልበቃህ!"

እውነቷን ነው። መርከቢቱ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ገብታ መኖር ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ወሰደች፤ ቀጥሎ ቡፌውን፤ በመጨረሻ ባልና ሚስት ራታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መብላት ለመዱ። አያልነሽ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውላ ስትመለስ ምንጣፉ ላይ የዋንዛ ፍቅፋቂ ታገኝና ትቆጣለች። ተቆጥታ ስታበቃ መነጽሯን ታደርግና አጠገቡ ቁጭ ብላ "ይቺ ደግሞ የምን ቀዳዳ ናት?" ትላለች። ሸራውን ከአቡጀዲ ቆርጣ የሰፋችው እሷ ናት፤ አራት ጊዜ ፈታ ሰፍታዋለች።

ታመነ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ፣ መቐለ ከመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈው የእንጨት ሥራ መምህር ነው። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን፣ ሙሉ ቤትም ሠርቷል። ባሕር ግን አይቶ አያውቅም። በዕድሜው ያየው ትልቁ ውሃ በደሴ መንገድ ሲያልፍ ከአውቶቡስ መስኮት የታየው ሐይቅ ነው፤ እሱንም ግማሹን መንገድ እንቅልፍ ይዞት ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው "ኖኅ" የሚል ስም ቢያወጣለት አይፈረድበትም። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ዳቦ ሊገዛ በወጣ ቁጥር አንዱ "መምህር፣ የጥፋት ውሃው መቼ ነው?" ሳይለው አይመለስም።

መርከቢቱ የእሱ ሐሳብ አልነበረችም። የአቦይ ገብረተንሳኤ ነበረች። አቦይ ገብረተንሳኤ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ወደ ምፅዋ ወርደው፣ ሙባረካ በምትባል ሳንቡቅ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ሳንቡቅ የቀይ ባሕር ሰዎች ጨውና ደረቅ ዓሣ የሚያመላልሱባት ባለሸራ የእንጨት መርከብ ናት። ሞተር መጣና ሙባረካም እንደ ጓደኞቿ ተረሳች፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላትም። አቦይ ግን አልረሷትም። በዚያ መብራትም ሥራም በጠፋበት ከባድ ጊዜ፣ የቀረቻቸውን አንድ ቁና ገብስ ከእነ ታመነ ጋር እኩል ተካፍለው በረንዳው ላይ ሲቀመጡ የሚያወሩት ስለ እሷ ነበር። ታመነ በሰማ ቁጥር ረሃቡን ይረሳ ነበር። ያን ጊዜ ነው "አንድ ቀን እሠራልዎታለሁ" ያለው።

ከዚያ የአቦይ ዓይን ጠፋ። ዛሬ ደግሞ ልጃቸው ኣስመላሽ ወደ ውቕሮ፣ ወደ ራሱ ቤት ሊወስዳቸው መጥቷል። ታመነ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ከዚህ ግቢ ሳይወጡ መርከቢቱን ዳስሰው እንዲያውቋት። ሌላው ሰው "ግሩም ነው" ቢለው ምንም አይመስለውም። ሌላው ሰው ሙባረካን አያውቃትማ።

ደግሞም እርግጠኛ ነበር። አቦይ ያወሩትን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፏል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፣ "ምሰሶው በቅድሚያ" ይላል። ይህን አቦይ አንዴ ሳይሆን ሃያ ጊዜ ነግረውታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የወይራውን ምሰሶ አቆመ። ቱንቢ ጥሎ፣ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ተከለው። የጎን አጥንቶቿን፣ ሳንቃዋን፣ ወለሏን ሁሉ በምሰሶው ዙሪያ ሠራ። ምሰሶን ቀድሞ ማቆም ለመርከብ እንግዳ አሠራር መስሎት ነበር፤ ግን ባሕር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሲባጎው በአራተኛው ገባ። ቋጠረውና ትርፉን ቆረጠ።

"በይ ጥሪያቸው" አለ።

አቦይ ገብረተንሳኤ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ለመንገድ ተዘጋጅተው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። አያልነሽ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ታመነ ሁለቱንም እጃቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ከመርከቢቱ ጎን ላይ አሳረፋቸው።

"ኣሃ!" አሉ።

ጣቶቻቸው ከኋላ ጀመሩ። የተቀረጸውን ጀርባዋን ነኩ፤ መሪውን ግራና ቀኝ አወዛወዙ፤ ሳቁ። የውሃ በርሜሉን አገኙት። ምግብ የሚያበስሉበትን ሣጥን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጭሱ ዓይናቸውን ያቃጠላቸውን፣ አገኙት። "ኣንታ፣ ይህችንም ሠርተሃታል?" አሉ። አያልነሽ የታመነን ክርን ጎሰመችው።

ከዚያ ጣቶቻቸው ምሰሶው ላይ ደረሱ። ወደ ላይ ወጡ፤ ጫፉ ላይ ቆዩ፤ ወረዱ። እንደገና ወጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። እጃቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ጽቡቕ እያ፣ ቆንጆ ናት" አሉ። "እጅህ ይባረክ ወደይ፣ ልጄ። በጣም ጽቡቕ እያ።" ከዚያ እንደ እንግዳ በትሕትና ጠየቁ፦ "ናይ መን እያ?"

የማን ናት ማለታቸው ነው። ታመነ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበትን ቋንቋ ያን ቀን ባይሰማው ደስ ይለው ነበር። ሌላ መርከብ ሠርቷል ማለት ነው። ዓመት ከመንፈቅ ደክሞ የማያውቋትን መርከብ ነው የሠራላቸው።

"ኣቦይ፣ ናትኩም እኮ እያ!" አለ ኣስመላሽ አፍሮ። "የእርስዎ ናት፤ መምህር ለእርስዎ ነው የሠራት።"

"ኣይፋል፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም" አሉ አቦይ። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አመሰግናለሁ።"

አያልነሽ ግን ነገር ማሽሞንሞን አትወድም።

"አቦይ፣ እባክዎ ይሉኝታውን ይተዉትና ምኗ ነው ያልሆነው?"

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው የለፋበትን ነገር…"

"እኔም ለፍቻለሁ። ሸራውን አራት ጊዜ ነው የሰፋሁት። ይንገሩን።"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አነሱና ወለሉ ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት።

"ይህ የቤት ምሰሶ ነው" አሉ። ከዚያ ጫፉን ወደ ፊት፣ ወደ አያልነሽ አዘነበሉት። "ይህ የሳንቡቕ ነው። ሳንቡቕ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ አትቆምም። ለመሄድ የቸኮለ ሰው አይተሽ የለም? ጭንቅላቱ ከእግሩ ይቀድማል። እንደዚያ ናት።" ወደ ታመነ ድምፅ ዞሩ። "እኔ ግን ነግሬሃለሁ ወደይ። ምሰሶዋ ንቕድሚት ነው ብዬሃለሁ። ብዙ ጊዜ ብዬሃለሁ።"

"ብለውኛል!" አለ ታመነ፤ ደብተሩን ከመሳቢያው መዝዞ አወጣው። "ይኸው ጽፌዋለሁ! ምሰሶው በቅድሚያ! እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት፤ ከሁሉ በፊት እሱን ነው ያቆምኩት!"

ኣስመላሽ ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው።

"መምህር፣ ንቕድሚት ማለት እኮ ወደ ፊት ማለት ነው። ወደ ፊት ያጋደለ። በቅድሚያ ማለት አይደለም።"

ከዚያ አያልነሽ "ሃያ ሁለት ዓመት!" ብላ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ሃያ ሁለት ዓመት መቐለ ኖሮ! እኔኮ 'ለምንድን ነው ምሰሶው መጀመሪያ?' ብዬሃለሁ። 'የባሕር ሰዎች ደንብ ነው' አላልከኝም?"

አቦይ ገብረተንሳኤም ነገሩ ሲገባቸው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። "ወይ ወደይ! በቅድሚያ!" እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ታመነም ሳቀ፤ ግን ዓይኑ ከመርከቢቱ አልተነሣም። ቀድሞ የተተከለውን ምሰሶ ለመንቀል ወለሏን መስበር አለበት። ወለሏ አንድ መቶ አርባ ሁለት ቀጫጭን የጽድ ሳንቃ ነው፤ እያንዳንዱን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው እሱ ነው።

"ተዋት፤ ደሓን እያ" አሉ አቦይ። "ውቕሮ ስደርስ እኔ በልቤ አዘነብላታለሁ።"

"እንሂድ፣ ኣቦይ" አለ ኣስመላሽ። "መኪናዋ የሰው ናት፤ ማምሻውን ልመልሳት ቃል ገብቻለሁ።"

በልቤ አዘነብላታለሁ የምትለዋ ቃል ታመነን አላስቀመጠችውም። ያን የገብስ ጊዜ እሳቸው "ድርሻህን በልብህ ብላ" አላሉትም። ሄዶ ከግድግዳው ላይ ትንሿን መጋዝ አወረደ።

"ታሜ!" አለች አያልነሽ፤ ሳቋ ቆመ። "ተው፣ ታበላሻታለህ።"

"ተበላሽታለች እኮ።"

"ቆንጆ ናት!"

"ቆንጆማ ናት። የሳቸው ግን አይደለችም። ነይ ገመዱን ፍቺልኝ።"

አያልነሽ ኣስመላሽን አየችው፤ ባሏን አየችው፤ መነጽሯን አድርጋ ያን አምስት ደቂቃ የፈጀ ቋጠሮ በጥፍሯ ፈታችው። ሸራው ወረደ። ታመነ መጋዙን ከምሰሶው ሥር አስጠግቶ ወይራውን ቆረጠው። ድምፁ ለሁሉም ተሰማ፤ አቦይ ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ መሮውን ይዞ ከጉቶው ፊት ያሉትን ሦስት ሳንቃዎች ቀስ ብሎ ሰበረ፤ ቀዳዳውን ወደ ፊት አሰፋው፤ ጉቶውን ፈልፍሎ አወጣው። ምሰሶው ጣት ያህል አጠረ። ይጠር።

"አቦይ፣ ስንት ዲግሪ ይጋደል?"

"ዲግሪ አላውቅም። አምጣት ወደ እጄ።"

ታመነ ምሰሶውን ኮላ ቀብቶ ቀዳዳው ውስጥ አገባና ሽማግሌውን በቀኝ እጃቸው አስያዛቸው። አቦይ ወደ ፊት ገፉት። ታመነ በቂ ነው ሲል ጨመሩ። ሲጨምሩ የእሱ እጅ ሳያስበው ምሰሶውን ወደ ኋላ መለሰው። ሠላሳ ዓመት ሰው ቤት ላይ ምሰሶ ያቀና እጅ ነው፤ የተጋደለ ነገር ሲያይ ዝም ማለት አያውቅም። "ይወድቃል" የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

"ልቀቅ" አሉት አቦይ።

ለቀቀ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሩቅ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነው፣ ትንሽ ገፉ፣ ትንሽ መለሱ፣ ቆሙ።

"ሕጂ" አሉ። "አሁን። እዚህ ላይ ያዛት።"

ታመነ ሁለት ቀጫጭን ሽብልቅ ከኋላ ሰነቀረ። አያልነሽ ሸራውን መልሳ አሰረችው። አቦይ ቀኝ እጃቸውን ከምሰሶው ሳያነሡ በግራቸው አቡጀዲውን ነኩት፤ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ከዚያ ጎንበስ አሉና እፍ አሉበት። ሸራው ተነፋ፤ ምሰሶው ላይ ተወጠረ፤ መርከቢቱ ከነማቆሚያዋ ቡፌው ላይ ሲጥ አለች።

የአቦይ ገብረተንሳኤ የማያዩት ዓይኖች እርጥብ ሆኑ።

"ናተይ እያ" አሉ። "የእኔ ናት። ሙባረካ ናት።"

ታመነ ወደ ግድግዳው ዞረና መጋዙን ምስማሩ ላይ ሊሰቅል ሞከረ። ምስማሩን ሁለት ጊዜ ሳተው። እንዲህ ያለ ደስታ መቼ እንደተሰማው አላስታወሰም።

ኣስመላሽ ሰዓቱን አየ። "በሉ ኣቦይ፣ አሁንስ እንሂድ።"

"ኮላው ስንት ሰዓት ነው የሚደርቀው?" አሉ አቦይ ታመነን።

"እስከ ነገ ጠዋት ነው። ግን ሽብልቁ ይይዛታል፤ እርስዎ…"

"እጄን ባነሣ ተመልሳ ትቆማለች። አንተን አላምንህም፤ ሌሊት ተነሥተህ ታቀናታለህ።"

"ኣቦይ፣ መኪናዋ!" አለ ኣስመላሽ።

"መኪናዋ ትሂድ። እኔ መቼ ያዝኳት? እኔ የያዝኩት ይህችን ነው።"

ኣስመላሽ አባቱን አየ። የተጨማደደችው እጅ የተጋደለውን ምሰሶ ይዛ፣ ምንም ሳትንቀጠቀጥ ተቀምጣለች። ላለፉት ሦስት ዓመታት ያቺ እጅ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ሳታፈስ ይዛ አታውቅም። የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ወጣ።

"ተቆጣ እንዴ?" አለ ታመነ።

አያልነሽ ወደ መስኮቱ ሄደች። ኣስመላሽ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ ከላይ የታሰረውን ገመድ ሲፈታ አየችው። አልጋውንና ሣጥኖቹን አልነካቸውም። የአባቱን ፍራሽ ብቻ አውርዶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወደ እነ ታመነ ቤት ተመለሰ።